የኮምፔርሳቶ ሰዓት

ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ ተዳረች። ሠርጉ ላፍቶ ካሉት አዳራሾች በአንዱ ስለነበረ እኛ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች በሁለት ሚኒባስ ተጭነን ሄድን። ሙሽሮቹ ከሚቀመጡበት ኋላ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በነጭ አበባ የተሸፈነ ግድግዳ ቆሟል፤ መሃሉ ላይ ቅስት፣ በቅስቱ ውስጥ ከሮዝ ወደ ሐምራዊ የሚቀያየር መብራት። የዘንድሮ ሰው «ዲኮር» የሚለው ይህንን ነው። እኔ ደግሞ አንዲት ክፉ አመል አለችኝ፤ የቆመ ነገር ሳይ ጀርባውን ካላየሁ እህል አይወርድልኝም። ባለቤቴ አመሌን ስለምታውቅ እጄን ያዝ አድርጋ «ዛሬ እንኳን ተው» አለችኝ። ተውኩ አልኳትና ሙሽሮቹ ሊጨፍሩ ሲነሱ ሳህኔን ወንበር ላይ አስቀምጬ በጎን በኩል ሾለክሁ።

ከአበባው ኋላ ያው የማውቀው ዓለም ነው፤ ሽቦ፣ ብረት፣ ባዶ ካርቶን። አንዲት ሻሽ ያሰረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት በርከክ ብላ በፒንሳ ሽቦ ታጠማዝዛለች። ዞር ሳትል «ማነው ከኋላ የሚዞረው? ምግቡ በፊት ለፊት ነው» አለችኝ። እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ «ይቺ ድጋፍ በጣም ቀጥ ብላለች፤ ትንሽ ብትጋደም ይሻላት ነበር» አልኳት። ፒንሳዋ ቆመች። መነጽሯን አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ነስሩ?» አለች። ዘነበች ነበረች። የሰው ልጅ ከስንት ዘመን በኋላ ሲገናኝ ይሳሳማል፣ ልጆች እንዴት ናቸው ይባባላል፤ እሷ ግን ገና ጉልበቷን ይዛ ሳትነሳ «አሁንም ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ሁለታችንም እዚያው ሽቦው መሃል ሳቅን። ስለ ምን እንደምታወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስለ ሰዓቷ ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ያኔ ነፋስ ስልክ ባቡርም ፎቅም የማያውቅበት፣ የፋብሪካ ፊሽካ ሲነፋ መንገዱ በቱታ ለባሽ የሚሞላበት ዘመን ነበር። ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት፤ ሁለት ፓስቲ የበላ ሰው እስከ ማታ ጌታ ነው። ከአውቶብስ ማቆሚያው አጠገብ የካሴት ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ አንዱን ካሴት እያገላበጠ ስለሚያጫውት፣ አውቶብስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዘፈኑን ከነመተንፈሻው ያውቀዋል። እኔ ታችኛው አፉ መሬት የሚጠርግ ቤልቦትም ሱሪ ነበረችኝ፣ አንዲት ብቻ። ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ ኮላ እየፈሰሰባት ደርቃ ማታ ሳወልቃት ግድግዳ ተደግፋ ለብቻዋ ትቆም ነበር።

ትምህርቱ «የመድረክ ግንባታና ቴክኒክ» ይባላል። ስሙ ያምራል፤ ክፍሉ ግን የአንድ አዳራሽ ጓሮ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። አሥራ ሁለት ነበርን፤ አሥራ አንድ ወንድ እና ዘነበች። መምህር ተካልኝ የሚባሉ፣ ብርድ አገር ተምረው የመጡ፣ እዚህም በፀሐይ ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው ያስተምሩናል። የመጀመሪያውን ወር መጋዝ አላስነኩንም። ልምምድ በተደረገ ቁጥር ከመጋረጃ ኋላ አስቀምጠው ቲያትሩን በጀርባው እንድናይ አደረጉን። ንጉሡ ከፊት በግርማ ሲወጣ እኛ ያየነው ዘውዱ በላስቲክ መታሰሩን ነው። ከዚያ በኋላ ሞራሌ እንጨት መምረጥ፣ ማእዘን ማጋጠም፣ አቡጀዲ መወጠር፣ የስንዴ ዱቄት በውሃ አፍልቶ ጨርቁን መቀባት፣ በላዩ ላይ ድንጋይ የሚመስል ድንጋይ፣ እንጨት የሚመስል እንጨት መሳል ተማርን። ነጎድጓድ በቆርቆሮ፣ የመሸ ሰማይ በሰማያዊ ላስቲክ በተሸፈነ ፓውዛ። መምህር ተካልኝ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «በር ሲዘጋ ግድግዳው ከተንቀጠቀጠ ቲያትሩ አለቀ» ይላሉ። በሩን ራሳቸው በኃይል ያጋጩትና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንዴ ዓረፋ ሲቃረብ ደጅ ያደረቅነውን ግድግዳ የጎረቤት በግ ዱቄቱ ሸትቶት አንድ መስኮት ሙሉ በላብን። ዘነበች በጉን በገመዱ ይዛ ወደ ክፍል አስገባችና «መምህር፣ መስኮቱ ይኸውና» አለቻቸው። እኒያ የማይስቁ ሰው ካፖርታቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሱቅ እንኳን አይባልም፤ መንገድ ዳር ያለች ቆርቆሮ ኪዮስክ ናት፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ብቻ የምትችል። አንዱ በርጩማ የእሳቸው ነው፤ ሁለተኛው ባዶውን የሚጠብቀው እኔን ነበር። ሰፈሩ ጋሽ ሙዘሚል ይላቸዋል፤ ማጉያ መነጽራቸውን በአንድ ዓይናቸው አድርገው ቀና ሲሉ የማያውቃቸው ይደነግጣል። ሰዓት ጠግነው ለደንበኛ ከመመለሳቸው በፊት የሚጠይቋት አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ትላለች። መቼም እንደምታውቁት፣ በኛ አገር ገሚሱ የሰዓቱን ቀስት ዘጠኝ ላይ እያየ «ሦስት ሰዓት ነው» የሚል ነው፤ ገሚሱ ደግሞ አፉና ቀስቱ እንዲስማሙለት ሦስትን ሦስት ላይ ያስሞላል፤ የመጀመሪያው በፈረንጅ ነው፣ ሁለተኛው በሀበሻ። አባቴ ለሁለቱም ችግር አልነበረባቸውም፤ ሳይጠይቁ መሙላት ግን ነውር ነው ይላሉ። «ሰዓት ከዋሸ ሶላት ያልፋል፣ አውቶብስ ያልፋል፣ የሰው ቀጠሮ ይፈርሳል» የሚሏት ነገር ነበረቻቸው።

እንዲህ ላሉ ሰው የመድረክ ግንባታ ማስረዳት ምን ያህል አበሳ እንደሆነ ገምቱት። ያን ቀን ማጉያቸውን እንኳን ሳያወልቁ ነው የመረመሩኝ።

«ምን እየተማርክ ነው?»

«ቤት መሥራት፣ አባ።»

«ደግ ሙያ ነው። ሰው ይኖርበታል?»

«አይኖርበትም። የቲያትር ነው።»

«ጣሪያ አለው?»

«የለውም።»

«ጀርባስ?»

«ጀርባው… እንጨትና አቡጀዲ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ ፍርድ ወዳድ ሰው ነበሩና፣ ቃል ሰጡኝ። የመጨረሻ ፈተናዬን መጥተው ሊያዩ፤ ዕድሜ የሚፈጅበት ሙያ ሆኖ ካገኙት ሊመርቁኝ፣ የልጅ ጨዋታ ሆኖ ካገኙት ግን በማግስቱ ጠዋት ያቺ ባዶ በርጩማ ላይ ልቀመጥ። «ተስማማህ?» አሉኝ። ተስማማሁ። ሰዓት መጥገን ክፉ ሥራ ሆኖ አይደለም። ግን እኔ ያቺ ኪዮስክ ውስጥ ስገባ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ እዚያ አቧራማ መጋዘን ውስጥ ግን ጠዋት ገብቼ መምሸቱን የማውቀው ሲያባርሩኝ ነው።

ፈተናው በሰፈራችን የቀበሌ አዳራሽ ሆነ። ሁለት ሁለት ተደልድለን ለአጭር ቲያትር ሙሉ ቤት መሥራት አለብን፤ እኔና ዘነበች ተጣመርን። ቲያትሩ ሦስት ክፍል ያለው ቀልድ ነው። አንድ ቤተሰብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ የተባሉ ሽማግሌዎችን ይጠብቃል፤ አባወራው በየደቂቃው የግድግዳ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። ማንን እንደምጠይቅ ግልጽ ስለሆነ ኪዮስክ ሄድኩ። አባቴ ከግድግዳው ሙሉ አንዲት አሮጌ ሰዓት እንኳን አላወርድም አሉኝ። «የኔ ሰዓት ስትዋሽ አያምርባትም» ነው መልሱ። ስለዚህ እኔው ከኮምፔርሳቶ እንጨት ክብ ቆርጬ፣ ነጭ ቀብቼ፣ ቁጥሯን በጥቁር ጽፌ፣ ሁለት ቀስት ከቆርቆሮ አውጥቼ በአንድ ሚስማር መሃሏ ላይ ሰካሁላት፤ በእጅ ስትነካ ትዞራለች። ሳልዋሽ ልናገር፣ ከአዳራሹ ወንበር ላይ ሆኖ ያያት ሰው የኮምፔርሳቶ ናት አይልም ነበር። ቤታችን እንደለመድኩት የሰዓቱን ቀስት ዘጠኝ ላይ አድርጌ ሰቀልኳት። ሦስት ሰዓት።

ዘነበች ግን እናቷ ቤት ያደገችው ቀስቱ ሦስት ላይ ሲሆን ሦስት በሚባልበት ሰዓት ነው። ይህን እኔ አላውቅም። አልጠየቅኋትማ።

የፈተናው ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። አባቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ቅቤ ፈሰሰ። አባወራው ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም፤ መምህር ተካልኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባወራው ሰዓቷን አይቶ «ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ሰዎቹ ግን የሉም» ሲል በመጋረጃው ቀዳዳ አባቴን አየሁ፤ የግድግዳ ሰዓቴን ተመለከቱ፣ ፊታቸው ፈታ አለ። እዚያው መጋረጃ ኋላ ልቤ ዘለለች።

ዘነበች በሌላው ጎን ቆማ ያንኑ ንግግር ሰምታ ሰዓቷን ስታይ ቀስቱ ዘጠኝ ላይ ነው። ይህ ነስሩ ጉድ ሠራን ብላ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ሮጣ ሦስት ላይ አደረገችው። እኔ መብራት ላይ ነበርኩ፣ አላየሁም። ሁለተኛው ክፍል ተከፈተ። አባወራው ቀና ብሎ «ኧረ አሥር ደቂቃ አለፈ» አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ወፍራም ድምፅ «አሥር ደቂቃ? ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው እንጂ፤ ምሳም አልፏችኋል» አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። አባቴ አልሳቁም። አንገታቸውን ደፍተው ኮፍያቸውን ሲያሻሹ አየሁ፤ የሰዓት ሠሪ ልጅ ሰፈር ፊት ሰዓት አበላሽቷል። በርጩማው ወለል ብሎ ታየኝ።

መጋረጃው ሲዘጋ ከመብራቱ ወርጄ በረርኩ። ቀስቱን ወደ ዘጠኝ መለስኩና ዞር አልኩ። ገና ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ዘነበች በሌላ በኩል መጥታ ወደ ሦስት መለሰችው። ድምፁን ሰምቼ ዞርኩ። «ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ። «አንተ ምን እያደረግህ ነው? ሦስት ሰዓት ይላል እኮ ሰውዬው» አለች። «ሦስት ሰዓት ነው ያደረግሁት!» «ይሄ ዘጠኝ ነው!» እኔ ወደ ዘጠኝ ጎተትኩ፣ እሷ ወደ ሦስት ጎተተች፤ መቼም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ማናችንም መጋረጃ ሳቢውን ቆይ አላልነውም። መጋረጃው ተከፈተ።

እስቲ አስቡት። መብራቱን ሳላጠፋ ስለወረድኩ ቦግ እንዳለ ነው፣ አራት መቶ የሚሆን ሰው ያየናል፣ እኔና እሷ ወንበር ላይ ቆመን አንዲት የቆርቆሮ ቀስት በግራና በቀኝ ይዘን እንጓተታለን። ከዚያ ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲነሳ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። አባቴ ናቸው። ኪዮስካቸው ውስጥ እንደሚሉት፣ በዚያው በረጋ ድምፅ ጠየቁን።

«ልጆች፣ በሀበሻ ነው በፈረንጅ?»

አዳራሹ ፈረሰ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያቺን ጥያቄ ያውቃታል፤ ሰዓቱን እሳቸው ጋ ያላስጠገነ የለም። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። እኛን ያዳነን አባወራ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ነው፤ በሩን ከፍቶ ገባና «ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ሰዓት ሠሪው መጣ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለ። ጭብጨባው አላቆም አለ። ዘነበች ጆሮዬ ላይ «ፈረንጅ ነህ ወይ አንተ?» ብላ ወረደች።

መምህር ተካልኝ ውጤታችንን እዚያው ነገሩን፤ «ለግድግዳው ሙሉ፣ ለሰዓቱ ዜሮ። አልፋችኋል።» ለእኔ ግን ያ ፈተና አልነበረም። ሰዉ ሲበተን አባቴን ፈለግኋቸው፤ ወንበራቸው ባዶ ነው። ያገኘኋቸው ከግድግዳው ኋላ ነው። ማጉያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በአንድ ዓይናቸው አድርገዋል፣ ጎንበስ ብለው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ያያሉ። እያንዳንዷ ማእዘን ላይ በእርሳስ ቁጥር ጽፌ ነበር፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም። የሚስማሩን ጫፍ ሁሉ መልሼ ቀብሬው ነበር። ጣታቸውን አንዷ ላይ አሳለፉ።

«ይህን ሰው ያየዋል?» አሉኝ።

«አያየውም፣ አባ።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አጸዳኸው?»

«ካልጸዳ ፊቱ አይቆምማ።»

ማጉያቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ሰዓቷን ከግድግዳ አውርደው ብብታቸው ሥር አደረጉና «ይቺን ወስጃታለሁ» ብለው ሄዱ። እቤትም ያን ምሽት እራታቸውን በልተው፣ ሶላታቸውን ሰግደው ተኙ። እኔ ስገላበጥ አነጋሁ።

ጠዋት ቃሌ ቃል ነውና ፊቴን ታጥቤ፣ ያቺን በኮላ የደረቀች ሱሪ አድርጌ ኪዮስክ ሄድኩ። ስደርስ አባቴ ሥራ ላይ ናቸው። ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ከሚሉት ሰዓቶች መሃል የኮምፔርሳቶዋ ሰዓቴ ተሰቅላለች፣ ቀስቷ ዘጠኝ ላይ። ሁለተኛው በርጩማ ግን የለም። ግራ ገባኝ። «አባ፣ በርጩማው የታለ?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ በአገጫቸው ወደ ደጅ አመለከቱኝ። በር ላይ አንዲት እናት ተቀምጠውበታል። «ደንበኛ ቆሞ መጠበቅ የለበትም፤ ከዛሬ ጀምሮ የደንበኛ ነው» አሉ። ከዚያ ማጉያውን አውልቀው በሁለቱም ዓይናቸው አዩኝና «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሥራ የለህም?» አሉኝ። እያለቀስኩ ነው እስከ አውቶብስ ማቆሚያ የሄድኩት፤ የካሴቱ ሱቅ ያንኑ ዘፈን ያጫውታል።

ከዚያ በኋላ ሰው ኪዮስካቸው መጥቶ «ጋሽ ሙዘሚል፣ ይቺኛዋ ቆማለች እኮ» ባላቸው ቁጥር አንዲት መልስ ነበረቻቸው። «የልጄ ሥራ ናት። በሀበሻ ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጅ ሁለት ጊዜ፣ በቀን አራት ጊዜ ልክ ናት። ያንተ ስንት ጊዜ ናት?» እስኪሞቱ ድረስ አላወረዷትም። ስንት መድረክ ሠራሁ፣ ስንት ቤት አቁሜ አፈረስኩ፤ ያቺ ኪዮስክም በመንገድ ሥራ ፈርሳለች። ሰዓቷ ግን ዛሬ ጀሞ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ናት።

ለዘነበች ይህን ሁሉ ከአበባው ግድግዳ ኋላ ነገርኳት። የበርጩማውን ጉዳይ አታውቅም ነበር፤ እሷ ከምረቃ በኋላ በየትምህርት ቤቱ የልጆች መድረክ ስትሠራ ኖራ፣ አሁን ከልጇ ጋር የሠርግ ዲኮር ትሠራለች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ወዲያው «ዘጠኝ ላይ ነው የሰቀሏት? እሳቸውም እንዳንተ ናቸው» አለችኝ። ድጋፏን ግን እንዳልኳት ጋደም አደረገቻት፤ ሠርጉ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ቤታችን መጣች። ከባለቤቴ ጋር ሻይ እየጠጡ እኔን ሲያሙ ዋሉ። እሷን ታክሲ አሳፍሬ ስመለስ ባለቤቴ «ሰዓትህን አይተኸዋል?» አለችኝ። ቀና አልኩ። ቀስቱ ሦስት ላይ ነው። መቼ እንደነካችው ማንም አላየም። ወንበር ስቤ ወጣሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፤ ልመልሰው ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝና እዚያው ወንበር ላይ እንደቆምኩ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። ታክሲ ውስጥ ነች፣ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ይሰማል።

«ዘነበች፣ ሳልጠይቅሽ እንዳልነካው ብዬ ነው» አልኳት። «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?»

ሳቋ ታክሲውን ሞላው። «በሀበሻ» አለችኝ።

«እሺ፣ ይቆይ» አልኩና ከወንበሩ ወረድኩ።